ኮንዶሚኒየም ገባን፣ ልጆቹ ግን እዚያው ሰፈር ቀሩ

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ክሩ፣ ማለት ከጥያቄው ሥር የተደረደረው መልስ፣ ካሰብኩት በላይ ረዘመ። መሀል ላይ ጠብ አለበት፣ ስለ ውሻ አለበት፣ ስለ ጫኝና አውራጅም አለበት። ዛሬ የሚገባ ሰው ከላይ ጀምሮ ሁሉንም ያነባል ብዬ አላስብም። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በቁጥሩ ላስቀምጠው። ስም አልጠራም፣ ቁጥሩ ይበቃል።

ጥያቄዬ ይኼ ነበር። የ2005 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢዎች ነን። ስንቆጥብ፣ ዕጣ ስንጠብቅ ኖረን በመጨረሻ አራብሳ ባለ ሁለት መኝታ ደረሰን። አራተኛ ፎቅ ነው። በጥር የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት ላይ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን የግቢ ኪራይ ቤታችን ወጥተን ገባን። እኔና ባለቤቴ ደስታውን አልቻልነውም። አከራይ የለ፣ ጭማሪ የለ፣ እንግዳ በዛ ብሎ የሚያኮርፍ የለ። ልጆቹ ግን ሌላ ዓለም ላይ ናቸው። የ4 ዓመቷ በየማታው ጫማዋን ይዛ ትመጣና ወደ ቤታችን እንሂድ ትላለች። የ10 ዓመቱ ደግሞ ጭራሽ አይናገርም። ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ መኝታ ቤት ይገባል፣ በቃ። ያው ልጅ ሰፈር እያለን ለራት እንኳ ስሙ ሦስት ጊዜ ካልተጠራ የማይገባ ነበር። የግቢው ውሻ ቡቺም ቀርቶበታል። የነገርኩት ሰው ሁሉ ልጆች አይደሉ፣ ይለምዳሉ ይለኛል። ይኼ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል። ልጅ ዝም ሲል ለመደ ማለት ነው? የሞከራችሁት ነገር ካለ ንገሩኝ ብዬ ጨረስኩ።

መልስ 1 ደስ የምትል እናት ናት። ቤት ለእንቦሳ ብላ ጀመረች፣ እኔም እንቦሳ እሰሪ አልኳት። ሦስት ልጆች ይዛ የካ አባዶ ስትገባ መጀመሪያ እንዳስቸገሯት፣ ወር ሳይሞላ ግን የድሮውን ሰፈር ስም ማንሳት እንደተዉ ነገረችኝ። እንዳልጨነቅ መከረችኝ። መልስ 2 ያው ነው፣ ምርቃት ይበዛዋል። አሜን ብያለሁ።

መልስ 3 ላይ ወሬው መልኩን ቀየረ። ጸሐፊው ጎልማሳ ሰው ነው። አባቱ የባንክ ሠራተኛ ስለነበሩ በዝውውር ከደሴ ጎንደር፣ ከጎንደር ነቀምት፣ ከነቀምት ሐዋሳ እየተባለ ነው ያደገው። እሱ ልጅ ይለምዳል በሚለው ይስማማል። ጥያቄው የሚለምደው ምኑን ነው ባይ ነው። እሱ የለመደው ጓደኛ አለመያዝን ነው። ነቀምት ላይ አንድ በጣም የሚወደው ልጅ ነበር፣ ሲለያዩ ታሞ ተኛ። ሐዋሳ ሲደርሱ፣ መሄዳችን አይቀር ብሎ ለማንም አልቀረበም። እንዳይሄዱ ደግሞ ዝውውሩ ቆመና እስከ 12ኛ ክፍል እዚያው ኖሩ። እናቱ እስከዛሬ የትም ቦታ ወስደውት ያላስቸገረ ልጅ እያሉ ያመሰግኑታል። በመጨረሻ ወደ መልስ 1 ዞሮ፣ ስም ማንሳት የተወ ልጅ ረስቶ ላይሆን እንደሚችል በትህትና ጠቆማት።

በትህትና ነው፣ እሷ ግን አልወደደችውም። መልስ 4 ላይ ተመልሳ፣ የማያውቃቸውን ልጆች ከስልክ ጀርባ ሆኖ መመርመሩን እንዲተው፣ የሷ ልጆች በደንብ እንደሚበሉና እንደሚጫወቱ ነገረችው። እውነቷን ነው። ሁሉም ልጅ እንደሱ አይሆንም። ግን የሱን መልስ ሳነብ ወንዱ ልጄ ነው ፊቴ የመጣው።

መልስ 5ን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የኬጂ መምህርት ናት፣ በየዓመቱ ሰፈር ቀይረው የሚመጡ ሕፃናት ትቀበላለች። ስለ ትንሿ ነው የጻፈችው። በዚህ ዕድሜ ላለች ልጅ፣ ከአሁን በኋላ እዚህ ነን የሚለው አይገባትም። ዘመድ ጋር እንደሄደች ነው የምትቆጥረው፣ ዘመድ ጋር ደግሞ ተከርሞ ወደ ቤት ይኬዳል። ጫማዋን ይዛ የምትመጣው ለዚህ ነው። ስለዚህ ቤታችን ይኼ ነው እያሉ ከሷ ጋር መከራከር ዋጋ የለውም። የሚያረጋጋት የቀኑ ተራ ነው። ድሮ እግሯን ታጥባ፣ ራት በልታ፣ ተረት ሰምታ ከተኛች እዚህም በዚያው ተራ ይሁን። ብርድ ልብሷ የለመደችው ሽታ እንዲኖረው ቶሎ አይታጠብ። አልጋው የድሮው ይሁን። ጡጦ ማስጣል፣ ዳይፐር ማስተው፣ ለብቻ ማስተኛት ከቤት ለውጥ ጋር አይደረብ። ከተወችው በኋላ አልጋ ላይ መሽናት ብትጀምር አትቆጧት፣ ብዙ ልጅ ላይ ይታያል፣ በጊዜው ይተዋል። ደግሞ አንድ ቀን ይዛችኋት ሂዱና የድሮው ቤት ባዶ መሆኑን፣ ወይም ሌላ ሰው መግባቱን በዓይኗ ትይ አለችን። እኛ ተደራራቢ አልጋ ልንገዛ ዋጋ እያጠያየቅን ነበር፣ ለጊዜው ተውነው።

መልስ 6 መጋረጃ ሻጭ ነው። አጥፍተውበታል።

መልስ 7 ዕቃችንን ለማስወረድ ስንት እንደከፈልን ጠየቀ። ከዚያ እስከ 10 ድረስ ክሩ የጫኝና አውራጅ ሆነ። ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ያውቀዋል። የራስህን ፍራሽ በራስህ ትከሻ ልታወጣ ስትል በር ላይ ይዘው ተደራጅተናል፣ ሳትከፍል አይገባም ይላሉ። አንዱ ለአንድ ፍሪጅና ለአንድ ሶፋ የተጠየቀውን ሲናገር ሌላው እንደዋሸ ነገረው፣ ሦስተኛው ደግሞ እሱ የከፈለው ከዚያም እንደሚበልጥ ጻፈ። አንዱ ራሱ ጫኝ ነኝ ብሎ ገባና፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ቁም ሳጥን ተሸክማችሁ ሞክሩት አላቸው። ስድቡን አልደግመውም።

መልስ 11 ወሬውን ወደ ልጆች መለሰው፣ ሳያስበው ይመስለኛል። እሱም በር ላይ ከጫኞች ጋር ኮሌታ ለኮሌታ ተያይዟል። የ6 ዓመት ልጁ አይሱዙው ላይ ጋቢና ተቀምጦ ሁሉንም ያይ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁ በዋናው በር በኩል ለማለፍ እንቢ አለ፣ እጁን ካልያዙት አይወጣም። ስለዚህ በዕቃ ቀን ልጅ አያት ጋር መዋል አለበት፣ ጭቅጭቁንም አቧራውንም አያይም ብሎ ደመደመ።

መልስ 12 በጣም ተቃወመችው። እሷን ልጅ እያለች ልክ እንደዚያ አደረጓት። ጠዋት አክስቷ ጋር ወሰዷት፣ ማታ የመጡት ሌላ ቤት ሊያስገቧት ነው። ቤቱን አልተሰናበተችውም። ጎረቤቶቹንም እንደዚያው። የሷ መጫወቻ የነበረ ቆርቆሮ ሳጥን ደግሞ ለቆራሌው ተሰጥቶ ጠበቃት። እስከዛሬ ስታስበው የተሰረቀች እንደሚመስላት ጻፈች። መልስ 13 አብሯት ቆመ፣ መልስ 14 ግን መሀከሉን ያዘ። ከ7 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ አብሮ ይዋል፣ የራሱን ካርቶን ራሱ ይሸክም። ትንሹ ዘመድ ጋር ይዋል፣ ግን ከመሄዱ በፊት ጎረቤቱን ሁሉ ደህና ሁኑ ይበል፣ ሲመጣም ሳይመሽ ይምጣ። ቤቱ ቢተራመስም የሱ አልጋ ተነጥፎ ይጠብቀው። እኔ በዚህ እስማማለሁ። መብራት ባልገባበት ቤት በማታ ልጅ ማስገባት ለትልቅ ሰውም ያስፈራል።

መልስ 15 ነርስ ነኝ ያለች ሴት ናት። የዴንማርክ ጥናት ይዛ መጣች። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ እዚያ አገር ከ1971 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. የተወለዱ ሰዎችን መዝገብ ተከትሎ የተሠራ፣ ከአንድ ሚሊዮን ሰው በላይ ያለበት። ልጅ እያሉ ቤት የቀየሩት ካደጉ በኋላ ራስን ለማጥፋት በመሞከር፣ በሱስ፣ በወንጀል መዝገብ ላይ በብዛት ተገኝተዋል። ከሁሉም የባሰው ከ12 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ የቀየሩት ላይ ነው። የኔ ልጅ 10 ስለሆነ ገና ነው ብላ ልታጽናናኝ ነው የጻፈችው፣ እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መልስ 16 ጉድ አደረጋት። ዴንማርክን ከአራብሳ ምን እንደሚያገናኘው ጠየቀ። የኛ ልጅ አክስት አለው፣ ጎረቤት አለው፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አለው፣ የፈረንጅ መዝገብ እያመጣችሁ ወላጅ አታስጨንቁ አለ። መልስ 17 ደግሞ ረጋ ብሎ፣ ቤት መቀየርና ችግሩ አብረው ታዩ ማለት አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት እንዳልሆነ አስረዳ። ብዙ ቤት የሚቀይር ሰው ብዙ ጊዜ ፍቺ፣ ዕዳ ወይም ሥራ ማጣት አለበት፣ ልጁን የጎዳው ያ ሊሆን ይችላል። ነርሷ መልስ 18 ላይ መለሰች፣ ጥሩ አድርጋ። ነገሩ በድሃውም በሀብታሙም ቤተሰብ እንደታየ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋግመው የቀየሩት ላይ ደግሞ እንደሚብስ ነገረችው። አንድ ጊዜ ቤቱ የገባ ልጅ ከነዚህ ደጋግመው ከቀየሩት ጋር እንደማይመደብም ጨመረች። ይኼን መጀመሪያ ብትለው ኖሮ እተኛ ነበር።

መልስ 19 እዚህ ላይ ነው የገባው። እሱም የ2005 ነው፣ ዕጣ አልወጣለትም። በሆነ ባልሆነው ቤት የሚቀይረው እንደሱ ያለ ተከራይ እንደሆነ፣ የራሱ ቤት ገብቶ ልጄ ከፋው የሚል ሰው ቅንጦት እንደያዘው ጻፈ። ከበደኝ፣ ግን መልስ አልሰጠሁም። መልስ 20 ሕግ አነሳበት። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ ያስገድዳል፣ አከራይ እንደፈለገ ማስወጣት አይችልም አለው። መልስ 21 የዚያው የተከራዩ ነው። አዋጁን ያውቀዋል። ግን አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ቧንቧ እየተጠቀሙ ከአከራይ ጋር በሕግ መካሰስ ምን እንደሚመስል ለመልስ 20 ተወው።

ይኸው ሰው ግን፣ ንዴቱ በረድ ሲል፣ መልስ 24 ላይ ተመልሶ ለልጆቹ የሚያደርገውን ነገረን። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ካርቶን አለው፣ ስሙ ተጽፎበታል። በየቤቱ መጀመሪያ የሚፈታው እሱ ነው፣ ከድስትና ከከሰል ምድጃ በፊት። ውስጡ ያለውን የሚወስነው ልጁ ነው፣ ድንጋይም ቢሆን። የመካከለኛዋ ልጁ ካርቶን ውስጥ የድሮ ቤት የበር እጀታ አለ። ከዚያ ደግሞ በገቡ ማግስት ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ይጠራል፣ ጠሪዎቹ ልጆቹ ናቸው። በየበሩ ሄደው ቡና ጠጡ ሲሉ የት ቤት ልጅ እንዳለ አይተው ይመለሳሉ። ይኼን ብልሃት ወድጄዋለሁ። ሰውየው ቅንጦት ያለኝን ይቅር ብዬዋለሁ።

መልስ 22 እና 23 ዘለልኳቸው፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ናቸው።

መልስ 25 ከባድ ነው። የካዛንቺስ ልጅ ናት፣ አሁን ገላን ጉራ ነው የምትኖረው። በ2017 ሰፈሩ ሲነሳ ከብዙ ጎረቤቶቿ ጋር ነው የሄደችው። እኛ በዕጣ፣ በእልልታ እንደገባን፣ እነሱ ግን ቀን ተቆርጦላቸው፣ ትምህርት ተጀምሮ ሳለ ልጅ ከክፍል አውጥተው እንደሄዱ አስታወሰችን። ወደ መልስ 5 ተመልሳ፣ የድሮውን ቤት ውሰዱና አሳዩ የሚለው ምክር ለሷ እንደማይሠራ ነገረቻት። ልጇ እንሂድ እንሂድ ብሎ ሲያስቸግራት ወሰደችው፣ የጠበቃቸው የቆርቆሮ አጥር ነው። ልጁ ቤታቸው በየት በኩል እንደነበር መለየት አቃተው፣ እሷም አቃታት። በሌላ በኩል ግን ያላሰበችው ነገር ረድቷታል። የሰፈሩ ልጆች አብረው ስለመጡ ኳሱ እዚያው ቀጠለ። ሜዳው ተቀየረ እንጂ ቡድኑ አልተቀየረም። ትልልቆቹ ናቸው የተበታተኑት፣ ዕድሩም፣ ጉሊቱም፣ ሥራውም። እሷ ስታለቅስ ልጇ አጽናናት።

ከ26 እስከ 28 ያው እንደምትገምቱት ነው። ልማት ነው የሚለውና ግፍ ነው የሚለው ተያያዙ፣ አስተዳዳሪው መጥቶ አጸዳው። ከመሀል የተረፈው መልስ 29 ነው። ሰውየው በ2016 ከፒያሳ የወጣ ነው። ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ከልጆቹ ጋር ዞሮ ሁሉን ነገር ቪዲዮ እንዳነሳ፣ ልጆቹ ራሳቸው ስልኩን ይዘው እዚህ ወደቅኩ፣ እዚህ ተደበቅኩ እያሉ እንደተረኩ ጻፈ። ቤቱ ለማይቆይለት ሰው ይኼ ከምንም ይሻላል ባይ ነው። መልስ 25 አመሰገነችው። ለሷ ግን ረፍዷል።

መልስ 30 ከቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የጻፈ አባት ነው። ልጁን በ11 ዓመቷ ነው ከአዲስ አበባ የወሰዳት። መጀመሪያ ላይ አዲሱን አገር ትልመድ ብሎ ከድሮ ጓደኛዋ ጋር በቴሌግራም የምታወራውን ሰዓት ቆረጠባት። አስተማሪዋ ናት የከለከለችው፣ ጓደኛ ያላት ልጅ ሌላ ጓደኛ ለመያዝ ድፍረት እንዳላት ነግራው። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ለሷ፣ ከሰዓት ለጓደኛዋ፣ ተቀጣጥረው ያወራሉ። የሰዓቱ ልዩነት በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ስለሆነ ሰዓት ሲቀየር አንዷ ትቀራለች፣ ያን ቀን ቤቱ አይያዝም ብሏል።

መልስ 31 አሜሪካን ከአራብሳ ማወዳደር እንደማይሆን ጻፈ፣ እዚያ ሁሉ ነገር ተመቻችቶ ይጠብቃል ዓይነት። መልስ 32 ግን የመለሰችለትን እኔ ግድግዳ ላይ ልጽፈው እችላለሁ። አሜሪካ የሄደ ልጅ ሩቅ እንደሄደ ያውቃል፣ ማንም ነገ እንመለሳለን አይለውም። እዚሁ ከተማ ውስጥ የተዛወረ ልጅ ግን ቅዳሜ እንወስድሃለን ይባላል። ቅዳሜ ለቅሶ አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናብ አለ። ከዚያ ማንም አያነሳውም። ልጁ ሰፈሩን ብቻ ሳይሆን እናትና አባቱን ማመንም ይተዋል። ስለዚህ የማትወስዱትን አትንገሩት፣ ከነገራችሁት ግን በሦስት ታክሲም ቢሆን ውሰዱት አለች። ከአራብሳ መገናኛ፣ ከመገናኛ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ፈረንሳይ፤ ቆጠርኩት፣ ልክ ሦስት ታክሲ ነው።

መልስ 33 ከእስራኤል ነው፣ አጭር ነው። ልጅ ሆና ከጎንደር ስትሄድ ብዙ አልከበዳትም፣ መርከዝ ክሊታው፣ ማለት አዲስ ገቢዎች መጀመሪያ የሚያርፉበት ማዕከል፣ ውስጥ ጎረቤቱ ሁሉ አማርኛ ነበር። የከበዳት ከዚያ ወጥተው የራሳቸው አፓርታማ ሲገቡ ነው። ደረጃው ላይ የሚያገኛት ሰው ሰላም አይልም ነበር። ለካስ ሩቅ መሄድ ብቻ አይደለም ነገሩ። መልስ 25 ላይ ካለችው የካዛንቺሷ ጋር አንድ ላይ አንብቡት።

መልስ 34 ውሻው የት ደረሰ ብሎ ጠየቀ። ቡቺ ከአከራያችን ጋር እንደቀረ ነገርኩት። ከዚያ ጉድ ፈላ። አንዱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሻ ማሳደግ ጎረቤት መበደል ነው አለ። ሌላዋ ልጅን ከውሻው መለየት ግፍ ነው አለች። መልስ 37 እዚህ ሰው ቤት አጥቶ እናንተ ስለ ውሻ ትጨቃጨቃላችሁ ብሎ ተቆጣ፣ መልስ 38 ደግሞ ጥያቄው የልጅ ኀዘን ስለሆነ ውሻውም የጥያቄው አካል ነው ብላ አፉን አስያዘችው። የተጠቀምኩበት ከሷ ነው። አከራዬን ለምኜ ቡቺ ሲበላ በስልክ ቪዲዮ ላኩልን። ልጄ ደጋግሞ አየው። ለካ ይናገራል፤ ከስቷል፣ አጥንት አይሰጡትም አለኝ።

የትምህርት ቤቱ ክርክር ከ39 እስከ 43 ነው። አንዱ ልጁ ዓመቱን የድሮ ትምህርት ቤቱ ይጨርስ ነበር አለኝ፣ መሸኛ ይዞ መሀል ላይ አዲስ ክፍል መግባት ከቤቱ ለውጥ ይብሳል ብሎ። መልስ 40 ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ ታክሲ ውስጥ የሚተኛ ልጅ ምን ትምህርት ይገባዋል ብላ ነቀፈችው። መልስ 41 መምህር ነው፣ ለ6ኛና ለ8ኛ ክፍል ተፈታኝ ብቻ ያዋጣል፣ ለሌላው አያዋጣም አለ። ብዙ ሰው ክረምት ላይ ቤት መቀየር ይሻላል ይላል። መልስ 42 ግን ሐምሌ ከሁሉ የከፋ ወር ነው ባይ ናት። ትምህርት የለ፣ ውጪው ጭቃ፣ ልጅ የማንም ፊት ሳያይ ሁለት ወር ፎቅ ላይ ይታሸጋል። መሀል ዓመት የገባ ልጅ ቢያንስ በማግስቱ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ያገኛል። ይኼን ከሷ በፊት ማንም ሲለው ሰምቼ አላውቅም፣ ልክ ናት።

መልስ 43 ለሐምሌ ጥብቅና ቆመ። እነሱ ሐምሌ መጨረሻ ገብተው ልጃቸው ልክ 42 እንዳለችው ታሽጎ ከረመ። ቡሄ ሲደርስ የታችኛው ፎቅ ልጆች ለሆያ ሆዬ አንድ ሰው ጎድሏቸው መጥተው ጠሩት። ዱላ ተገዛለት። ብሎክ ለብሎክ፣ ደረጃ ለደረጃ ወለሉን እየደበደቡ ዋሉ። ማታ ሲመጣ ድምፁ ተዘግቶ፣ ኪሱ ሙሉ ሳንቲም፣ የእያንዳንዱን በር ባለቤት ያውቅ ነበር፤ ማን እንደሚሰጥ፣ ማን ውስጥ ሆኖ የለሁም እንደሚል። የገንዘብ ክፍፍሉ ላይ ተጣልተው በማግስቱ ታረቁ፣ በዚያው ጓደኛ ሆኑ። መልስ 44 ሙስሊም አባት ነው፣ የሱም ልጆች አብረው ሆያ ሆዬ እንደወጡ፣ ዒድ ሲሆን ደግሞ እነሱ ሳህን ይዘው በየበሩ እንደዞሩ ጨመረ። ለሴቷ አበባየሆሽ አለላት፣ እስከ እንቁጣጣሽ እንግዲህ።

መልስ 46ን ወላጅ ሁሉ ቢያነበው እወዳለሁ። 17 ዓመቷ እንደሆነ የጻፈች ልጅ ናት። ቤት እንደሚቀይሩ የሰማችው ዕቃው ማዳበሪያ ውስጥ ሲገባ አይታ ነው። ያኔ 12 ነበረች። የቤት ለውጡን ልታስቀረው እንደማትችል ታውቃለች፣ የፈለገችው ቀድሞ እንዲነገራት ብቻ ነበር። ሁለተኛ፣ አንድ ነገር፣ አልጋዋ የትኛው ግድግዳ ጋር እንደሚሆን እንኳ፣ እንድትመርጥ። ሦስተኛ፣ ሲከፋት ዝም ብለው ቢተዋት። ቤቱን አልወደድኩትም ባለች ቁጥር አሁን እኮ ሻወር አለሽ፣ አሁን እኮ የራስሽ ክፍል አለሽ ይሏት ነበር። ሻወሩን አልጠላችውም። የጠላችው ስለ ሻወር ስታወራ ባልዋለችበት ሰዓት ስለ ሻወር መመለሳቸውን ነው።

መልስ 47 ጋሼ ልበላቸው፣ ትልቅ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። በሳቸው ጊዜ አባት ተነሱ ካለ መነሳት እንጂ ልጅ ስለ ግድግዳ እንደማይጠየቅ፣ የዛሬ ወላጅ ልጁን እንደሚፈራ ጻፉ። ልጅቷን ቅብጥ አሏት። መልስ 3 ያለው የባንክ ሠራተኛ ልጅ መልስ 48 ላይ ተመልሶ መጣ። አክብሮ ነው የጀመረው፣ ግን ለሰለስ ብሎ አልጨረሰም። ሳይጠየቁ ያደጉት እነሱ መሆናቸውን፣ ዝም ማለታቸውን ደህና ነን ብሎ የተረጎመው ትውልድ ደግሞ የጋሼ መሆኑን ነገራቸው። ጋሼ አልመለሱም። ለ47 ምላሽ ልጅቷ ራሷ የልብ ምልክት ብቻ አስቀምጣለች፣ ስላቅ ይሁን አክብሮት አልገባኝም።

መልስ 50 የኛው የአራብሳ ሰው ነው፣ የብሎክ ኮሚቴ አባል ነኝ ብሏል። ስሜት የለበትም፣ ሥራ ብቻ ነው የጻፈው። አንደኛ በረንዳው። ሳጥን፣ በርጩማ፣ የውሃ ጀሪካን ከበረንዳው ብረት አጠገብ አይቀመጥ፣ ትንሿ ትወጣበታለች። ሁለተኛ ብሎኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ልጅ ይጠፋል። በየሳምንቱ የሌላ ሰው አራተኛ ፎቅ በር ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ልጅ እንመልሳለን አለ። ስለዚህ የብሎክ ቁጥርና ስልክ በቃሉ ይያዝ፣ በረንዳ ላይ ከታች የሚታይ ባለ ቀለም ጨርቅ ይሰቀል። ሦስተኛ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጠ ልጅ ጓደኛ አያገኝም፣ መውረድ አለበት፣ ለመውረድ ደግሞ ሥራ ያስፈልገዋል። ዳቦ ይግዛ። ውሃ የሚመጣበትን ቀን ከጎረቤት ጠይቆ ይምጣ። መጀመሪያ አብራችሁት ውረዱ፣ ከዚያ በረንዳ ላይ ሆናችሁ እዩት፣ ከዚያ ተዉት አለ።

ይኼን አድርገናል። ለዳቦ ወርዶ መጀመሪያ ቶሎ ነበር የሚመለሰው። አሁን ዳቦው ደርቆ ይመጣል፣ ብሎኩ ሥር ብይ የሚጫወቱ ልጆች አግኝቷል። ፈረንሳይም ሁለቴ ወስደነዋል፣ ሁለተኛው ላይ ራሱ ነው መሽቷል እንሂድ ያለው። ትንሿ አሁንም አንዳንድ ማታ ጫማዋን ታመጣለች። መምህርቷ መልስ 52 ላይ እንዳትገፉት፣ ጫማዋን ተቀብላችሁ የድሮውን ቤት ንገሪኝ በሏት ብላለች። ስትናገር እዚያው ትተኛለች።

መልስ 54 ሰኔ ላይ አራብሳ የሚገባ አባት ነው። ለ2ኛ ክፍልና ለኬጂ ልጆች ቅርብ የሆነ ትምህርት ቤት፣ ሰርቪስ ያለው ከሆነ ደግሞ ዋጋውን ጠይቋል። እስካሁን የመለሰለት የለም። የምታውቁ ካላችሁ ከዚህ በታች ጻፉለት፣ የጫኝና አውራጁን ነገር ግን ለሱ በውስጥ መስመር ንገሩት።